ሦስት ፍሬ ሽንብራ

ጥፋት አጥፍታችሁ፣ የበደላችሁት ሰው ራሱ «ምን ያድርግ፣ ተገድዶ ነው» ብሎ ሲከራከርላችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። ከሩቅ ሲያዩት እፎይ የሚያሰኝ ነገር ይመስላል። እኔን ግን ከተገረፍሁት በላይ አመመኝ። ለምን እንዳመመኝ በቅደም ተከተል ላስረዳ፤ አስተማሪ ነኝ፣ ነገር ከመሃሉ መጀመር አይሆንልኝም።

የያዙኝ ሞጣ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። ጧት ነበር። ሁለት ሰዎች «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» አሉኝ። ያረምሁትን የፈተና ወረቀት ታቅፌ ስለነበር «ይህን ቢሮ ላስረክብና ልምጣ» አልኋቸው። አንደኛው ወረቀቱን ከእቅፌ ወሰደና የግንብ አጥሩ ላይ አኖረው። ነፋስ ነበር። መኪናው ሲንቀሳቀስ ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ወደ መንገዱ ሲወርዱ አየሁ። እስከ ግንደወይን ድረስ ያሳሰበኝ የእነዚያ ልጆች ውጤት ነበር። ከግንደወይን ወዲያ ዓይኔን በጨርቅ ሸፈኑኝና ስለ ራሴ ማሰብ ጀመርሁ።

ያወረዱኝ፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ ቢቸና ነው። ጨርቁ ሲፈታ ራሴን ያገኘሁት የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ በየስንጥቁ የጤፍ ብናኝና የሽንብራ ፍሬ ገብቶበታል። የነቀዝ መድኃኒት ሽታ ጉሮሮ ይከረክራል። አርባ ያህል ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። በሩ ጥግ አንድ ቢጫ የቀለም ባልዲ አለ፤ ሽንት ቤታችን እሱ ነበር።

ብዙም ሳልቀመጥ ለምርመራ ተጠራሁ። ምርመራ የሚካሄደው ከቆርቆሮው ማዶ፣ ድሮ እህል ይመዘንባት በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መርማሪውን ሁሉም «አለቃ» ይለዋል።

«ምንድን ነው የምታስተምረው?» አለኝ።

«ሥነ ዜጋ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁህ።»

አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዴ አስተኝተው እግሬን ጠፈሩኝና ውስጥ እግሬን በጥቁር የውሃ ቱቦ ገረፉኝ። መጀመሪያ የሚሰማው ድምፁ ነው። ሕመሙ ትንሽ ዘግይቶ ይመጣል። ከአምስተኛው በኋላ ግን አይዘገይም። ጮህሁ። እናቴን ጠራሁ። ምን እንደተጠየቅሁ ዛሬም በደንብ አላስታውስም።

ሁለት ሰዎች ጎትተው ሲመልሱኝ ነጭ ጢም ያላቸው አንድ ሰው ተነስተው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። ሞጣ ውስጥ ከአያታቸው ጀምሮ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ «ሀጂ» ነው የምንላቸው። ከሱቃቸው የሸሚዝ ጨርቅ ገዝቼ አውቃለሁ። የቀን ድርሻቸው የሆነችውን አንዲት ኩባያ ውሃ ፎጣቸው ላይ አፍስሰው እግሬ ላይ ጠቀለሉልኝ።

«እርስዎስ ምን ሊጠጡ ነው?» አልኋቸው።

«ነገም ውሃ ይሰጡናል፣ ልጄ።»

የክፍላችን ተጠሪ፣ በእስረኛ ቋንቋ ካቦው፣ የደጀን ሰው ነበር፤ የከባድ መኪና ሾፌር። እሱ ያስጀመረው አንድ ልማድ አለ። ሰው ለምርመራ ሲወሰድ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ካቦው ጆሮውን ወደ ቆርቆሮው አስጠግቶ፣ ከወለሉ ስንጥቅ የተለቀመ ሽንብራ በእጁ ይዞ፣ በእያንዳንዱ ምት አንድ አንድ ፍሬ ኩባያ ውስጥ ይጥላል። ሰውየው ሲመለስ «ስንት መቱህ?» አይባልም፤ ሽንብራው ይቆጠራል። ለየአሥሩ ፍሬ አንድ ኩባያ ውሃ ከሁላችን ድርሻ ተቀንሶ ይሰጠዋል። «የተመታ ሰው መቁጠር አይችልም» ይላል ካቦው፤ «ቢችል እንኳ ወንድነት ይይዘውና ይቀንሳል።» የእኔ ሠላሳ አንድ ነበር።

እኔ ደግሞ ሥርዓት እወዳለሁ። መራመድ እንደቻልሁ የብስኩት ካርቶን ፈልጌ ለክፍሉ ደንብ ጻፍሁ፤ ዘጠኝ አንቀጽ። ማን የት እንደሚተኛ፣ ዳቦ እንዴት እንደሚከፈል፣ ባልዲውን ማን መቼ ተሸክሞ ግቢው ዳር ካለው ጉድጓድ እንደሚደፋ። አንቀጽ አራት እንዲህ ይላል፦ «በእስረኛ ወንድሙ ላይ እጁን ያነሳ ሰው ሰባት ቀን ባልዲ ይሸከማል።» ካቦው ካርቶኑን አገላብጦ አየና «ቲቸር፣ ማኅተም ብቻ ነው የቀረው» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ ዳቦ ከተበላ በኋላ፣ ትምህርት ይኖረናል። ገበሬው ስለ አፈር ያስተምራል፣ ሾፌሩ ስለ ሞተር። የእኔ ተራ ሲደርስ ከዩኒቨርሲቲ ይዤው የወጣሁትንና ከሁሉ የምወደውን ትምህርት መረጥሁ፤ የጀርመን ፈላስፎች ስለ ሰው ነጻ ፈቃድ የተከራከሩትን።

«ድንጋይ ስትለቁት ይወድቃል» አልሁ። «አይጠየቅበትም። የሰው ሥራስ? ርሃብ ይገፋዋል፣ ፍርሃት ይገፋዋል፣ አስተዳደጉ ይገፋዋል። ሁሉም ምክንያት ካለው ሰውን በምን እንጠይቀዋለን? ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበረ አንድ ጀርመናዊ ሲመልስ፣ ሰውን በሁለት ዓይን እዩት ይላል። ከውጭ ካያችሁት እንደ ድንጋዩ የሚገፋ ሥጋ ነው። ከውስጥ ግን ‹ይህን ማድረግ የለብኝም› የሚል ሕግ ለራሱ የሚሰጥ ነው። ‹የለብኝም› ካለ፣ መተው እንደሚችል አምኗል። ለድንጋይ ‹መውደቅ አልነበረብህም› የሚል ሰው አይታችኋል?»

«እኔ በሬዬን እለዋለሁ» አለ ከእነማይ ወረዳ የመጣው ገበሬ። «እርሻ መሃል መተኛት የለብህም እለዋለሁ።»

«ይሰማሃል?»

«ጅራፍ ነው የሚሰማው።»

ሳቁ። ለአስተማሪ ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም።

«ልክ ነው» አልሁ። «በሬን ትገፋዋለህ እንጂ አትቀጣውም። ከዚያኛው በኋላ የመጣ ሌላ ጀርመናዊ ያጠፋን ሰው መቅጣት እሱን ማክበር ነው ይላል። ‹ይህ ያንተ ሥራ ነው፣ አስበህ ያደረግኸው ነው› ማለት ነውና። ጥፋተኛን ‹ምን ያድርግ› ብለህ ካለፍኸው፣ ከበሬው ጋር ደምረኸዋል።»

ካቦው ተነሳና ሸሚዙን ገልቦ ጀርባውን አዞረልን። ሰንበሩ ገና አልጠቆረም።

«ትናንት እንዴት አድርገው እንዳከበሩኝ እዩልኝ» አለ።

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅሁ። «ያ ቅጣት አይደለም። ምን እንዳጠፋህ ማን ነገረህ? ያ አንተን በሬ ለማድረግ ነው።»

ሀጂ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ለመሆኑ መምህር፣ የሚመታውስ?» አሉኝ። «አዝዘውት የሚመታው። እሱ ድንጋይ ነው ወይስ ሰው?»

«ሰው ነው ሀጂ። ‹ታዝዤ ነው› ቢልም ሰው ነው።»

አንዲት ደቂቃ እንኳ ሳላስብ ነው የመለስሁት።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። የከብቱ ድምፅ እስከ ግቢያችን ይሰማል። ከሰዓት በፊት ሀጂን ወሰዷቸው። ሽንብራው ገና መውደቅ ሳይጀምር እኔም ተጠራሁ።

ሀጂ አግዳሚው ላይ በሆዳቸው ተኝተዋል። እግራቸው ታስሯል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጆግ ውሃ አለ።

«ና ፈላስፋው» አለኝ አለቃው፤ የትናንቱን ትምህርት ከቆርቆሮው ማዶ ሰምቶ ኖሯል። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረ። «አረንጓዴውን ካኪ ለማን ነው የሸጥኸው?»

«ለገዛኝ» አሉ ሀጂ።

«ስሙን።»

«ጨርቅ ሲሸጥ ስም አይጠየቅም። ስንት ሜትር እንደሚፈልግ ነው የሚጠየቀው።»

አለቃው ቱቦውን በእጄ አስያዘኝ። ከባድ ነበር፤ ውስጡ አሸዋ አለበት። «አስተማሪ አይደለህ? መምታት ታውቃለህ። ሃያ። እምቢ ካልህ አንተ ላይ እጥፍ ይሆናል፤ እሱም አይቀርለትም።»

እግሬ ገና አልዳነም ነበር። ያንን ብቻ ነው ያሰብሁት። መታሁ።

ቀስ ብዬ ልመታ ሞክሬ ነበር። አለቃው «እንደዚህ ከመታህ አንተ ትተኛለህ» አለ። ካቦውም ከማዶ ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ አጠንክሬ መታሁ። ሀጂ አልጮሁም። ትንፋሻቸው ብቻ በየምቱ ይወጣል። እንዲጮሁ ፈለግሁ፤ ቢጮሁ ያቆመን ይሆናል። አንድ ነገር ልናገር፤ በመታኋቸው ቁጥር ጠላኋቸው። ክንዴም እየቀለለኝ መጣ። እኔ አልነበርሁም የምመታው፤ አለቃው ነበር፣ ቱቦው ነበር። እንዲህ ማሰብ ያሳርፋል።

አሥራ ሁለተኛው ላይ የአለቃው ስልክ ጮኸ። ቆርቆሮው ውስጥ ኔትወርክ አይሠራም። «ቆይ» አለኝና ወደ ግቢው ወጣ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ሀጂ አንገታቸውን አዙረው አዩኝ። ከንፈራቸው ደርቋል።

«ልጄ» አሉኝ በቀስታ፤ «ያን ውሃ ትንሽ ታቀምሰኛለህ?»

ጆጉ በእጄ ርቀት ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የአለቃው ድምፅ ከአጥሩ ዳር ይሰማል። የሚያየኝ አልነበረም። «ቆይ» ተብያለሁ እንጂ «ምታ» አልተባልሁም።

ሦስት ጊዜ መታኋቸው።

ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። ፈርቼ ነው እንዳልል፣ በዚያች ደቂቃ የሚያስፈራኝ ነገር አልነበረም። የመሰለኝን ልናገር። ቱቦ ሆኜ አርፌ ነበር። እሳቸው «ልጄ» ብለው ሲጠሩኝ፣ ውሃ መስጠትም መከልከልም የምችል ሰው አደረጉኝ። ያንን ነው ልመታ የፈለግሁት። እኔን ሰው አድርጎ የጠራኝን አፍ።

አለቃው ሲመለስ የቀሩትን ስምንት ጨረስሁ። ሀጂ ስም አልተናገሩም።

ከአንድ ጠባቂ ጋር ደግፌ ወደ መጋዘኑ አስገባኋቸው። ሁሉም የሚያየው የእኔን እጅ ነበር፤ የአለቃውን ትእዛዝ ከማዶ ሰምተዋል።

«እኔ ነኝ የመታኋቸው» አልሁ። «ሃያ ብሎ አዘዘኝ።»

ካቦው ኩባያውን ወለሉ ላይ ገለበጠና በጣቱ እየለየ ቆጠረ። ሃያውን አንድ ላይ አደረገ። ሦስት ፍሬ ለብቻ ቀረ።

«ሃያ ሦስት ነው ቲቸር።»

ዓይኔ ሦስቱ ፍሬ ላይ ቀረ። ሀጂ ከተኙበት ሳይነሱ ተናገሩ።

«ሦስቱ የአለቃው ናቸው። መጨረሻ ላይ ቱቦውን ከእሱ ተቀብሎ መታኝ።»

ካቦው ሽንብራውን ሰበሰበ። ገበሬው ትከሻዬን ይዞ «አይዞህ፣ ምን ታደርግ» አለኝ። አንዱ አንቀጽ አራትን አነሳ። ካቦው ሳቀበት፤ «ቱቦው ምን አጠፋ? ይህም ልጅ ዛሬ ቱቦ ነበር። ቱቦ ባልዲ አይሸከምም።»

በደግነት ነው የተናገረው። አርባ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ተስማማልኝ። ትርፉ ውሃ ሲመጣላቸው ሀጂ ኩባያውን መጀመሪያ ወደ እኔ ዘረጉት። «ደንግጠሃል፣ ቅመስ» አሉኝ። አልቀመስሁም። ሙሉውን ቀን ማንም አልገላመጠኝም፣ ማንም ቦታዬን አልወሰደብኝም። ስለ ድንጋይና ስለ በሬ ሳስተምራቸው የነበረው ሁሉ አሁን በእኔ ላይ ነበር። ከሰው ተራ በምህረት አውጥተውኛል።

በማግስቱ ዳቦ ከተበላ በኋላ ካቦው «እህ ቲቸር፣ ጀርመኖቹ የት ደረሱ?» አለ። ተነሳሁ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«ሦስቱን የመታሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «አለቃው ወጥቶ ነበር። ቆይ ብሎኝ ነው የወጣው። ሀጂ ውሃ ለመኑኝ። ውሃው አጠገቤ ነበር። ሦስት ጊዜ መታኋቸው።»

ሀጂ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደብቄልህ ነበር እኮ። ምን አስለፈለፈህ?»

«ለምን ደበቁልኝ ሀጂ?»

«ስላዘንሁልህ ነው። ልጅ ነህ፣ ፈርተህ ነበር።»

«አይዘኑልኝ። ለሃያው ከራሴ ጋር ገና እከራከራለሁ፤ እምቢ ማለት እችል ነበር፣ ለእግሬ ሳሳሁ። ለሦስቱ ግን የሚያከራክር ነገር የለም። የኔ ናቸው። አንቀጽ አራትን ስጡኝ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው ባልዲ የሚለምን?» አለ ገበሬው።

ሀጂ በክርናቸው ተደግፈው ከተኙበት ቀና አሉ። ፊታቸው ተለውጦ ነበር። እስከዚያች ሰዓት ያላየሁት ቁጣ ነበረበት።

«ጆጉን አይቼዋለሁ» አሉ። «ጠርዙ ላይ ጠብታ ነበረች። በልቤ፣ ይህ ልጅ ይሰጠኛል፣ ውሃዬን ለእግሩ አፍስሼለታለሁ አልሁ። ይህ ነው ያመመኝ። እግሬ አይደለም።» ከዚያ ወደ ካቦው ዞሩ። «ሰባት ቀን ይሸከም። አንድም ቀን እንዳይቀነስለት።»

ካቦው ካርቶኑን አውርዶ አንቀጹን ጮክ ብሎ አነበበ። ከዚያ ባልዲውን በእግሩ ወደ እኔ ገፋው።

«እንኳን ደስ ያለህ ቲቸር» አለኝ። «ተከበርህ።»

ማንም አልሳቀም። እኔ ግን ከታሰርሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሼ እስከ ታች ወረደ።

ባልዲው ሙሉ ሲሆን እጀታው ጣት ይቆርጣል። ጧትና ማታ ግቢውን አቋርጬ እደፋዋለሁ፣ በአመድ አጥበዋለሁ። በአምስተኛው ቀን ከጉድጓዱ ስመለስ አለቃው በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«አንተ ነህ ሁልጊዜ?»

«ቅጣት ላይ ነኝ።»

«ማን ቀጣህ? እኔ አልቀጣሁህ።»

«አይ፣ እርስዎ አይደሉም።»

ባልዲውን ተመለከተ። «ተወውና ና። ዛሬም ሥራ አለህ።» የገበሬውን ስም ነገረኝ።

ባልዲውን መሬት ላይ አኖርሁት። እንዳይጋደል አስተካከልሁት።

«እሱን አልመታም» አልሁ።

ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የጀርመኖቹ ትምህርት መንቀጥቀጥ አያስቆምም። አለቃው ቃሉን ጠበቀ። አግዳሚው ላይ ተኛሁ። ከአሥረኛው በኋላ አፌ ውስጥ ደም ነበር፤ ምላሴን ነክሻለሁ። ከሃያኛው በኋላ ጮህሁ፣ «ይብቃ» ብዬ ለመንሁ። «ትመታዋለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አልመታም» አልሁ። እንደገና ጀመረ። አንድ ጊዜ ራሴን ስቼ ውሃ ደፍተው ቀሰቀሱኝ፤ ከዚያው ጆግ ነው።

ካቦው አርባ አራት ፍሬ ቆጠረ። ገበሬው በዚያ ቀን አልተጠራም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ውሃዬን ያጠጡኝ ሀጂ ናቸው፤ ጭንቅላቴን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቀስ በቀስ።

ጧት ላይ ካቦው ባልዲውን ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነበር። «ሁለት ቀን ነው የቀረው፤ የትናንቱ ይያዝለት» አለ።

ሀጂ እጃቸውን አነሱ። «የትናንቱ ሌላ ነው፣ ይህ ሌላ።» ከዚያ ወደ እኔ አጎንብሰው «ምን ትላለህ መምህር?» አሉኝ። ከመታኋቸው ወዲህ መምህር ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ሁለት ቀን ይቀረኛል» አልሁ።

ገበሬውና ካቦው በግራና በቀኝ ብብቴን ይዘው ደገፉኝ። መርገጥ ስለማልችል በተረከዜ እየተጎተትሁ ነው የሄድሁት። እጀታውን ግን እኔ ነበርሁ የያዝሁት። ሁለቱንም ቀን።

አሁን ሞጣ ተመልሼ አስተምራለሁ። ብርድ ሲሆን እግሬ ይነዝረኛል። የሀጂ ሱቅ ከመንገዴ ላይ ነው፤ ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ስገባ ወንበር ይስቡልኛል። በመጀመሪያ የማየው ምርኩዙን ነው፤ እሳቸውም እንደማየው ያውቃሉ፣ አይደብቁትም። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ስንለያይ ካቦው የሰጠኝ ሦስት ፍሬ ሽንብራ ጠመኔ ከማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ አለ። ተማሪ «ቲቸር፣ ይህ ምንድን ነው?» ሲለኝ «የኔ ነው» እላለሁ።

እናንተም አንድ ነገር ሞክሩልኝ። የበደላችሁት ሰው አይጠፋም፤ ያዘዛችሁ፣ የገፋችሁ፣ ያስፈራራችሁም አይጠፋም። ወደዚያ ሰው ሂዱና ያደረጋችሁትን ብቻ ንገሩት። የገፋችሁን ሰው አታንሱ። ተናግራችሁ ስትጨርሱ ዝም በሉና፣ እስኪቆጣችሁ ድረስ ፊቱን እያያችሁ ጠብቁ።